ኪሎዬ ብዙ ሳይቀንስ ስኳሬ ወረደ

ዕድሜዬ 64 ነው። ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። 35 ዓመት ቆሜ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ ቁጭ አልኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው፣ ኪሎዬ 98 ገባ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ተመረመርኩ። ሳልበላ የተለካው ስኳር 118 ሆነ። ሐኪሟ በእርጋታ አስረዳችኝ፤ ከ100 እስከ 125 ገና ስኳር በሽታ አይባልም፣ ግን መንገዱ ላይ ነዎት፣ 126 ከገባ ነገሩ ሌላ ነው አለችኝ። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባትም ከ150 በታች መሆን ሲገባው 230 ነበር። «በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ» አለችኝ። መድኃኒት አልጻፈችም።

እኔ ደግሞ ቸኮልኩ። በመጀመሪያው ቀን በቆዳ ጫማ ዳገቱን አንድ ሰዓት ወጣሁት። በሦስተኛው ቀን ጉልበቴ አብጦ ደረጃ መውረድ አቃተኝ፣ ሁለት ሳምንት ቤት ዋልኩ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ከባድ ሰውነት ይዞ ለሚጀምር ሰው ሜዳ ይሻላል። ሸራ ጫማ ገዛሁና ወደ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አቅጣጫ በ10 ደቂቃ ጀመርኩ፣ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመርኩ 30 ደረስኩ። ልኩን የማውቀው በትንፋሼ ነው፤ እየሄድኩ ማውራት ከቻልኩ፣ መዝሙር ልዘምር ስል ግን ትንፋሽ ካጠረኝ፣ ልክ ነው።

እኛ ጋ ሽማግሌ ፈጠን ብሎ ሲሄድ ሰው ይደነግጣል። «ጋሼ፣ ምነው? ማን ታመመ?» ይሉኛል። ቆሜ እነግራቸዋለሁ።

ሦስት ወር ሲሞላ ሚዛን ላይ ወጣሁ። 96። ለዚህ ሁሉ ድካም 2 ኪሎ! በጣም ከፋኝ፣ ልተወው ነበር። ባለቤቴ የልብስ ሰፊ ሜትር አምጥታ ወገቤን ለካችው። 112 የነበረው 106 ሆኗል። ምስማር በእሳት አግላ ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳችልኝ። በማግስቱ ላቦራቶሪ ሄድኩ፤ ስኳሬ 104፣ ቅባቱ 165።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ሆርሞን) ባያግዘውም ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል። ከእርምጃው በኋላም ኢንሱሊኑ ለአንድ ሁለት ቀን የተሻለ ይሠራል፣ ለዚህ ነው ሁለት ቀን በተከታታይ የማልዘለው። ሆድ ዕቃና ጉበት ላይ የተከማቸው ስብም ይቀንሳል። ዋናው ጎጂ እሱ ነው፣ ሚዛን ግን ለይቶ አያሳየውም።

«ከ60 በኋላ ምን ዋጋ አለው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አዝናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት ነበር፤ እንደ እኔ ስኳር አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎች በሳምንት 150 ደቂቃ ተንቀሳቅሰው፣ ምግባቸውንም አስተካክለው፣ በስኳር በሽታ የሚያዙት በ58 በመቶ ቀነሱ። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ላይ ደግሞ 71 በመቶ። ምግቡም አለበት እንግዲህ። እኔ እንጀራ አልተውኩም፣ ቡናዬ ላይ የማደርገውን ሦስት ማንኪያ ስኳር ግን ተውኩ።

ከራት በኋላ ግቢዬ ውስጥ 15 ደቂቃ እዞራለሁ፤ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ያለዝበዋል። ጡንቻ በዕድሜ ስለሚሟሽሽ በሳምንት ሁለት ቀን ከዱካ ላይ እጄን ሳልደገፍ 10 ጊዜ እነሳለሁ። በዐቢይ ጾም እርምጃውን ከምሳ በኋላ አደረግሁት። ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የምትውጡ ግን ሐኪም ሳታማክሩ ባዶ ሆድ እንዳትሄዱ፣ ስኳር በድንገት ይወርዳል።

ጎረቤቴ ኢንሱሊን ይወጋል። ሐኪሙን ጠይቆ አብሮኝ ጀምሯል። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይዞ የግቢዬን በር ያንኳኳል።