የአጎቴ የደረት ኪስ ዳዊት

በ1991 ዓ.ም. የካቲት ወር ባድመን ለማስለቀቅ በተደረገው ውጊያ የተሰለፉት አጎቴ፣ በየማለዳው ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው፣ ጠርዟ በላብ ከጠቆረ ትንሽ ዳዊት መዝሙር 90ን ይደግማሉ። ምሽግ ውስጥም የደገሙት ይህንኑ ነበር፤ ነገር ግን ፍርሃቱ አንድም ቀን ትቷቸው እንዳልሄደ፣ ጸሎቱ ያስቻላቸው እየፈሩ በቦታቸው መቆየትን እንደሆነ ነግረውኛል። (ጀግና አይፈራም እየተባልሁ ስላደግሁ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል።) የባሰው ከዘመቻ በኋላ የመጣው ነው፤ ሌሊት እየባነኑ ሲነሡ ዘመድ ጠበል ብቻ ሲመክራቸው፣ የንስሐ አባታቸው ጠበሉን ሳይተዉ ሐኪምም እንዲያዩ አዘዟቸው። አሁን፣ በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ንቦች እንዳዳኑት የሚነገርለትን ይህን ቤተ ክርስቲያን እየተሳለሙ፣ ያልተመለሱ ጓዶቻቸውን በየክርስትና ስማቸው ይጠራሉ።