ላንጋኖ፦ ለመጀመሪያው ትራያትሎን ወደ ውሃ የወረድንበት ጉዞ

ለመጀመሪያ ትራያትሎን መዘጋጀት ያሰበ የአገራችን ሰው ልምምዱን ከሩጫ ይጀምራል። ሌላ ምን ይጠበቃል? ጃን ሜዳው፣ እንጦጦው፣ ሱሉልታው ሁሉ የሯጭ ሰፈር ነው፤ ጫማ አስሮ መውጣት ብቻ ይበቃል። ለእኔም ከትራያትሎን ሦስት ስፖርቶች የሚቀርበኝ ሩጫ ነው። ወደ ላንጋኖ የወረድነው ግን በሌላ እምነት ነው፤ የትራያትሎን ግብ የሚቆረጠው ሰው በሚበረታበት ሳይሆን በሚደክምበት ስፖርት ልክ ነው። የእኛ ድካም ደግሞ ውሃ ነበር።

ትራያትሎን ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን ሰዓቱ ሳይቆም የሚያያይዝ ውድድር ነው። በዚህ ስም የታወቀው የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ሳንዲያጎ፣ ሚሽን ቤይ በተባለ ስፍራ ተካሄደ። ኦሊምፒክ የገባው በ2000 በሲድኒ ነው። እኛ ያን ጊዜ ልባችን የተንጠለጠለው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንዶች ቀድሞ በገባበት የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ላይ ስለነበር፣ በዚያው ከተማ አንድ አዲስ ስፖርት የኦሊምፒክን ደጅ መርገጡን ልብ ያልነው አይመስለኝም።

የኦሊምፒኩ ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ስፕሪንት የሚባለው የዚሁ ግማሽ ነው፤ 750 ሜትር ይዋኛል፣ 20 ኪሎ ሜትር ይጋለባል፣ 5 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ብዙ ሰው በቴሌቪዥን አይቶ የሚመኘው አይረንማን ግን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና በላዩ ላይ ሙሉ ማራቶን ነው። ምኞት አይከለከልም። ነገር ግን በ25 ሜትር መዋኛ ገንዳ ውስጥ ጫፍ በደረሰ ቁጥር ግድግዳ ይዞ የሚያርፍ ሰው የመጀመሪያ ዓላማው አይረንማን ነው ሲል ስሰማ እሰጋለሁ። ስፕሪንትን የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው። መለያ ቁጥርም ሜዳሊያም አልነበረም፤ ርቀቱን ራሳችን ለክተን፣ አሰልጣኛችን ሰዓት ይዘው የሚፈትኑን ፈተና ነው።

ብስክሌቶቻችንን መኪናው ላይ አስረን ማለዳ ከአዲስ አበባ ወጣን። በፍጥነት መንገዱ ሞጆ ደርሰን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ሙቀቱ በመስኮት ይገባ ጀመር። ከመቂ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳዎች በኋላ ባቱ፣ የቀድሞዋ ዝዋይ፣ ለምሳ አቆመችን። የባቱን ዓሣ ሳይቀምስ የሚያልፍ መንገደኛ ምን እንደሚያጣ አያውቅም፤ የዓሣ ሾርባው ከነሚጥሚጣው ቀርቦ ነበር፣ እኛም ያለ ጨዋታ በላን።

አሰልጣኛችን ጋሼ የምንላቸው፣ ብዙ ዘመን በገንዳ ዳር የቆሙ ሰው ናቸው። ምሳው ሲነሳ እያንዳንዳችን ግባችንን እንድንናገር ጠየቁን። ከመካከላችን በሩጫ የታወቀው ወንድማችን «ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች» አለ። ጋሼ ፈገግ አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ?»

«እኔ እንኳ ሁለት ሰዓት ይበቃኛል ጋሼ።»

«ሰዓቱ ይቆየንና፣ መሃል ውሃ ላይ ትንፋሽ ቢያጥርሽ ምን እንደምታደርጊ ንገሪኝ።»

መልስ አልነበረኝም። እርሳቸው ግን ሊያሳፍሩን አልነበረም የጠየቁት። ወረቀት አወጡና የሁላችንንም ግብ በሦስት ደረጃ አስቀመጡት። የመጀመሪያው፣ ጀልባ ሳይነኩና ሳይደናገጡ 750 ሜትሩን መጨረስ። ሁለተኛው፣ ሦስቱንም ጨርሶ የመጨረሻውን 5 ኪሎ ሜትር ሳይራመዱ መሮጥ። ሰዓት የሚመጣው ሦስተኛ ላይ ነው፤ እሱም ከልምምድ መዝገባችን ተሰልቶ እንጂ ከምኞት አይደለም። የእኔ ስሌት እንዲህ ነበር፦ ገንዳውን 30 ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስዋኝ 22 ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ ሐይቅ ላይ ግድግዳ ገፍቶ መነሳት ስለሌለና መስመርም ስለሚጣመም ሦስት ደቂቃ ተጨመረ። ብስክሌት በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 55 ደቂቃ ያህል ነው። ሩጫው ከብስክሌት በደከመ እግር 35፣ ልብስና ጫማ መቀየሪያው 5 ደቂቃ። ተደምሮ ሁለት ሰዓት። በግምት የተናገርኩት ቁጥር በወረቀት ላይ ሲወጣ ደስ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ የራሴ ሆነ።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በቀለ ሞላ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሆቴሎቻቸውን በሠሩበት ዘመን እዚህም ዳርቻው ላይ አንድ ተክለዋል፤ ዛሬ ሐይቁ በብዙ ሎጅ ተከቧል። ቢልሃርዝያ የለበትም ተብሎ ስለሚታወቅ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ለዋና የሚመረጠው እርሱ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ስለሚሆን ከአዲስ አበባ ለወረደ ሳንባ እፎይታ አለው። ውሃው ግን በውስጡ ተንሳፍፎ በሚኖር ደቃቅ አፈር የተነሳ ቡናማ ነው። እጄን ክርኔ ድረስ ስነክረው ጣቶቼ ጠፉ።

ከሰዓት በኋላ ስንደርስ ነፋሱ ተነስቶ ሐይቁ ነጭ አረፋ እየተፋ ነበር። መዋኘት ፈልገን ነበር፣ ጋሼ ከለከሉ። ላንጋኖ ላይ ዋና የማለዳ ሥራ ነው አሉ። በምትኩ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ አቁመው ሁለት ነገር ደጋግመው አስጠኑን። አንደኛው ዓይን ማንሳት ነው፤ ከገንዳ የመጣ ሰው ወለሉ ላይ የተሰመረውን ጥቁር መስመር እያየ ነው የሚዋኘው፣ እዚህ ግን መስመር የለም። ስለዚህ በየስምንት ቀዘፋው ዓይንን ብቻ ከውሃ በላይ አውጥቶ ዳር ላይ የቆመ ትልቅ ነገር መፈለግ፣ ወዲያው ፊትን ወደ ጎን መልሶ መተንፈስ ያስፈልጋል። ለእኔ የተመረጠልኝ ምልክት ዣንጥላ የሚመስል ግራር ነበር። ሁለተኛው በጀርባ መንሳፈፍ ነው። ትንፋሽ ሲያጥር መጀመሪያ የሚመጣው ስሜት ራስን ቀና አድርጎ እግርን ወደ ታች መስደድ ነው፤ ያን ጊዜ ሰውነት ይከብዳል፣ ፍርሃቱም ይብሳል። ተገልብጦ ሰማይ እያዩ አየርን በረጅሙ ማስወጣት ግን ልብን ያረጋጋል። ማስገባት ሳይሆን ማስወጣት፤ የሚያስጨንቀን አብዛኛውን ጊዜ ያላስወጣነው አየር ነው። ይህን መድገም ጨለማ እስኪሆን ድረስ አልሰለቹም፣ እኔም ለዚያ ትዕግሥታቸው እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ንጋት ላይ ሐይቁ ተኝቶ ነበር። የአካባቢው ጀልባ ቀዛፊ ቢጫ ጀሪካኖችን በድንጋይ አስሮ መዞሪያ ምልክቶቻችንን ተከለልን፤ እርሱም ከጎናችን ሊከተለን ጀልባው ላይ ቀረ። ያለ ጀልባ፣ ብቻውን፣ ማንም እንዳይገባ ተባብለን ነበር።

የመጀመሪያዎቹ 100 ሜትሮች ከባድ ነበሩ። ፊቴን ስነክር ቡናማ ጨለማ ብቻ ነው የማየው፤ ከታቼ ምን ያህል ጥልቀት እንዳለ ማሰብ ጀመርኩ፣ ደረቴም ተያዘ። ተገለበጥኩ። ሰማዩ ገና ሐምራዊ ነበር። ትንፋሼን በረጅሙ አስወጣሁ፣ ደግሜ አስወጣሁ፣ ከዚያም ግራሩን ፈልጌ ቀጠልኩ። ከሁለተኛው ጀሪካን በኋላ ቀዘፋዬ ምት ያዘ፤ እጄ ሲገባ፣ ትከሻዬ ሲዞር፣ አየሩ ሲወጣ ሁሉም በየተራው ሆነ። ዳር ስወጣ 28 ደቂቃ ነበር። ከስሌቱ በሦስት ደቂቃ ዘግይቻለሁ፣ ግን የመጀመሪያው ግብ ተፈጽሟል፤ በሕይወቴ በስፖርት እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

በመቀየሪያው ቦታ ዕቃ ሁሉ በሚለበስበት ተራ ተደርድሮ ይጠብቃል። በውድድር ሕጉ የራስ መከላከያውን አጥልቆ ማሰሪያውን ሳይቆልፉ ብስክሌት መንካት አይፈቀድም፤ እኛም እንደዚያው አደረግን። አቧራማውን መንገድ ብስክሌት እየገፋን አልፈን አስፋልቱ ላይ ወጣን። ወደ አርሲ ነገሌ አቅጣጫ 10 ኪሎ ሜትር ሄደን መመለስ ነበር፤ የእኛ መኪና አደጋ ጠቋሚ መብራቱን እያበራ ከኋላ ይከተላል። ሲኬድ መንገዱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል። ጋሼ በማርሽ ላይ ጥብቅ ነበሩ፤ ከባድ ማርሽ በጉልበት መግፋት ሳይሆን በቀላል ማርሽ እግርን ቶሎ ቶሎ ማዞር፣ ምክንያቱም ጭኑ ገና ሩጫ አለበት። የጀሪካን ጋሪ የሚነዱ ልጆች እየጮሁ አበረታቱን። ሲመለሱ ቁልቁለት ስለሆነ ብስክሌቱ በ51 ደቂቃ አለቀ።

ከብስክሌት ወርዶ መሮጥን ያልሞከረ ሰው ሊያምነው ይከብደዋል። እግሬ የእኔ አልነበረም፤ ጭኔ ደንዝዞ፣ እርምጃዬ አጥሮ፣ ያ የምተማመንበት ሩጫ የት እንደሄደ ጠፋኝ። ለዚህ መድኃኒቱ በልምምድ ጊዜ ሁለቱን ማያያዝ ነው፤ ከብስክሌት ልምምድ በኋላ ወዲያው አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ መሮጥ። አዲስ አበባ በአዲሶቹ የብስክሌት መንገዶች ላይ ያደረግነው ይኸው ልምምድ አዳነኝ፤ ድንዛዜው ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደሚለቅ አውቅ ነበርና አልተሸበርኩም። ለቀቀም። የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር ፀሐይ እየበረታ ሳልራመድ ጨረስኩ። ሩጫው 38፣ መቀየሪያው 6 ደቂቃ፤ በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ።

ሯጩ ወንድማችን ከሁላችንም በኋላ ነበር ከውሃ የወጣው። በሩጫው ብዙዎቻችንን አልፎ ገባ፣ ሰዓቱ ግን ካሰበው በጣም የራቀ ነበር። ቁርስ ላይ ቀጥሎ የኦሊምፒኩን ርቀት እንሞክር የሚል ሐሳብ ተነሳ። ጋሼ እንጀራ ፍርፍሩን ወደ እርሱ እየገፉ «ርቀቱን አትንኩት» አሉ። በሚመጡት ወራት ሩጫ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ፣ ብስክሌት ሁለት፣ ዋና ሦስት። አንዱ የዋና ቀን ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆነ ደርሶ መመለስ ይቻላል። እኔ በሐይቅ ውሃ 750 ሜትሩን ከ25 ደቂቃ በታች ሁለት ጊዜ በተከታታይ ስዋኝ፣ ያን ጊዜ ለእውነተኛ ውድድር እመዘገባለሁ። ለመመዝገቢያው የቆጠብኩት ገንዘብ እስከዚያ ባንክ ይቆያል።