በሽንኩርት መኪና የመጣልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ስለቴ ሁለት ነበር፤ ዣንጥላ ማስገባትና መመስከር። ዣንጥላውን በዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል አስገባሁ። መመስከሩ ግን ከበደኝ። አውደ ምሕረት ላይ ቆሜ ልናገር ስል እንባዬ ይቀድመኝና «ብቻ ተመስገን» ብዬ እወርዳለሁ። ስለዚህ ልጻፈው። ከተዘበራረቀባችሁ ይቅር በሉኝ፤ ያቺን ሌሊት ሳስብ ልቤ አሁንም ቦታው ላይ አይቆይም።

መጀመሪያ ኃጢአቴን ልናገር። እግዚአብሔርን አኩርፌው ነበር። ባለቤቴ ሲታመም ያልረገጥኩት ደጅ፣ ያላጠጣሁት ጸበል አልነበረም። ሱባኤ ገብቼ «አደራህን» ብዬው ነበር። በሐምሌ ቀበርኩት። ከተስካሩ በኋላ ነጠላዬን አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩና ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። በደጁ ሳልፍ እንኳ አልሳለምም፤ ፊቴን አዙሬ በወዲያኛው ዳር እሄዳለሁ። ጎረቤቶቼ «እሱ ያውቃል» ሲሉኝ «ማወቁንማ ያውቃል፤ አውቆ ነው» እላቸው ነበር። እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ።

ሸዋ ሮቢት የኖረ ሰው ወባን ያውቃታል። ክረምቱ ወጥቶ የተኛው ውሃ ሳይደርቅ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ የማትገባበት ቤት የለም። ኅዳር 2010 ዓ.ም. የአራት ዓመት ልጄን ሲያተኩሰው እኔም እንደ ልማዴ አቅልዬ አየሁት። ፓራሲታሞል ሰጥቼ አስተኛሁት። ወሩ በገባ በ11 ማታ ግን ዓይኑ ተገለበጠ፣ ጥርሱ ገጠመ፣ እጅና እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አቅፌው ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ተረኛው መርፌ ወጋውና «ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል፤ ደሙም በጣም ወርዷል። ደብረ ብርሃን መድረስ አለበት» ብሎ ሪፈር ጻፈልኝ። አምቡላንሷ ምጥ የያዛት ሴት ይዛ ወጥታለች። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 95 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ያውም ሽቅብ።

እዚህ ላይ የባጃጁን ልጅ ላመስግን። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ስጮህ «እትዬ፣ ግቢ» ብሎ አቆመልኝ። የጭነት መኪኖች ሻይ የሚጠጡበት ወሰደኝና ወርዶ በየመስኮቱ እያንኳኳ ለመነልኝ፤ «ሕፃን ነው፣ ስለ ማርያም» እያለ። ሁለቱ እምቢ አሉ። አልፈርድባቸውም፤ በሌሊት የሰው ልጅ መኪናቸው ውስጥ ቢሞት ጣጣው ብዙ ነው። ሦስተኛው ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ነበር። ለባጃጁ ልከፍል መቀነቴን ስፈታ «ተዪው፣ ሲድን ብስኩት ግዢለት» ብሎኝ ዞሮ ሄደ። «ሲድን» ነው ያለኝ። ፊቱን እንኳ በደንብ አላየሁትም።

ጋቢናው ውስጥ ሹፌሩ፣ የሽንኩርቱ ባለቤትና ረዳቱ ነበሩ፤ ለሌላ ሰው ቦታ የለም። ረዳቱ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ማንም ምንም ሳይለው በሩን ከፍቶ ወረደና «ግቢ እህቴ፣ እኔ ላይ እሆናለሁ» አለኝ። ላይ ያለው ጭነቱ ላይ፣ ሸራው ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሆኖ ቀላል ይመስላል፤ ሌሊቱም ይሞቃል። በኅዳር ሌሊት የጣርማ በርን ተራራ በዚያ ብርድ ያለፈ ሰው ግን ልጁ ምን እንደሰጠኝ ይገባዋል።

ሹፌሩ ቁጡ ነው። «አታልቅሺብኝ፤ ለቅሶ እየሰማሁ መንዳት አልችልም» አለኝ። አፌን በሻሼ ያዝኩ። ለረዳቱም «እንዳትተኛ፤ ጣራውን እየመታህ!» ብሎ ጮኸበት። ስለዚህ በየጥቂቱ ከላያችን ጓ፣ ጓ ይላል።

ደብረ ሲና ስንደርስ ልጄ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ሹፌሩ ሳልለምነው አቆመ። አንድ ቤት ብቻ መብራት ነበረው፤ ለመንገደኛ ሻይ የምታፈላ ሴትዮ። የልጄን ልብስ አስወልቃ፣ ፎጣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ብብቱንና ግንባሩን አበሰችልኝ። «በጎኑ ያዢው የኔ ልጅ፤ አፉ ውስጥ ምንም እንዳትከቺ» አለችኝ። እኔ ማንኪያ ፍለጋ ላይ ነበርኩ። በኋላ ይህን ለሐኪሙ ስነግረው «ነርስ ናት እንዴ?» አለኝ። እኔ እንጃ፣ ሻይ ስታፈላ ነው ያገኘኋት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት የሄደበት ያውቀዋል። የተጫነ መኪና በከባድ ማርሽ እየጮኸ ነው የሚወጣው። ጉሙ ወርዶ የመኪናው መብራት ነጭ ግድግዳ እንጂ መንገድ አያሳይም። የልጄ ትንፋሽ እየራቀ መጣ። ጆሮዬን አፉ ላይ ለጥፌ እቆጥራለሁ፤ አንድ… ይቆያል… ሁለት። ሹፌሩ ደግሞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የላዩን ድምፅ ይጠብቃል። ጓ፣ ጓ። እንዲህ እያዳመጥን ጣልያን የቆፈረው ዋሻ ደረስን።

ዋሻው ውስጥ የሞተሩ ጩኸት ሁሉንም ዋጠው። የልጄን ትንፋሽ አልሰማም። የላዩንም አልሰማም። ሁለት ዓመት ያላነጋገርኩትን አምላክ ያነጋገርኩት እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። ጸሎት እንዳይመስላችሁ፣ ጠብ ነው። «አባቱን ወሰድክ። ዝም አልኩህ። ይሄንንም ልትወስደው ነው? ያ የሰው ልጅ እንኳ ለኔ ብሎ ብርድ ላይ ተቀምጧል፤ አንተ የት ነህ?» አልኩት። ጮክ ብዬ ሳልለው አልቀርም፤ የሽንኩርቱ ባለቤት አማተበ። ከዚያ፣ ማን እንዳስታወሰኝ አላውቅም፣ አያቴ ጠዋት ጠዋት ስትደግመው የምሰማው ዳዊት አፌ ላይ መጣ፤ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ? እስከ መቼስ ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ?» ሌላውን አላስታወስኩም። ያንኑ ብቻ ስል፣ ያንኑ ስል ከዋሻው ወጣን።

ጆሮዬን መለስኩ። ይተነፍሳል።

ሹፌሩ ግን ይጠብቃል። ምንም የለም። ፍሬን ሊይዝ እግሩን ሲያነሳ፣ ጓ… ጓ። «እግዚአብሔር ይስጥህ» አለ ያ ቁጡ ሰውዬ፣ በቀስታ፣ ለራሱ።

ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃን ወረደበት ብሎ ስም ያወጣለት ከተማ ስንገባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነበር፤ ውርጩ አስፋልቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሹፌሩ መንገዱን ትቶ ከነጭነቱ ሆስፒታሉ በር ድረስ ገባልኝ። ረዳቱ ከላይ ሲወርድ መንጋጋው እየተንገጫገጨ መናገር አቃተው። ትከሻው ላይ የነበረችውን ፎጣ አወለቀና ልጄን ጠቀለለው። ካርድ ክፍሉ በር ላይ ነው ድምፁ የወጣለት፤ «አላህ ያሽረው፣ እህቴ» አለኝ። ዞር ስል መኪናው ሄዷል። የማንንም ስም አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ሐኪሞቹ እግዚአብሔር ያክብራቸው፤ ኦክስጅን አደረጉለት፣ መድኃኒቱን በደም ሥሩ ሰጡት። ደም ግን ያስፈልገው ነበር፤ እሱ ኦ፣ እኔ ኤ፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ የእሱ ዓይነት አልተገኘም። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ እንዳልኩ፣ አያቷን የምታስታምም አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደብተሯን ዘጋችና «እኔ ኦ ነኝ» አለች። ጠዋት ፈተና ነበረባት። ደሟ ተመርምሮ ሲመጣና ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር መስኮቱ እየቀላ ነበር። በድምፅ ማጉያ ማኅሌት ይሰማል። «ምንድን ነው ዛሬ?» አልኩ። የአጠገቤ አልጋ አስታማሚ፣ አጥሚቷን እያካፈለችኝ፣ «ኅዳር ሚካኤል ነዋ፣ ረሳሽው እንዴ?» አለችኝ። ረስቼው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀኖቹን ሁሉ ረስቼ ነበር። «ልቅሶ ማታ ይመጣል፥ ጥዋት ግን ደስታ ይሆናል» ይላል፤ እኔ ደስታ አልልም፣ ገና ነበር። ግን ስለቴን የተሳልኩት በዚያች ሰዓት ነው።

ልጄ ከሆስፒታል ወጣ፣ መራመድ እንደ አዲስ ተማረ፣ ቃል ሳይተነፍስ ከረመና የፋሲካ ማግስት «እማ፣ ውሃ» አለኝ።

ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ሽንኩርት ግን አይወድም፣ ከወጡ ውስጥ እየለቀመ ያወጣል። ፎጣዋ ነጠላዬ ተቆልፎበት በነበረው ሳጥን ውስጥ አለች። ነጠላዬን ለብሼዋለሁ።

ዣንጥላውን ያስገባሁ ቀን የንስሐ አባቴ በጸሎት የሚታሰቡትን ስም ከነክርስትና ስማቸው ጽፌ እንድሰጣቸው ነገሩኝ። ጻፍኩላቸው፤ የባጃጁ ልጅ፣ የደብረ ሲናዋ ባለ ሻይ፣ ቁጡው ሹፌር፣ ኦ የሆነችው ተማሪ፣ ባለ አጥሚቷ፣ የአይሱዙው ረዳት። አነበቡና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩኝ።

«አንዳቸውም ስም የላቸውም» አሉ።

«አላውቀውም አባ። የመጨረሻው ደግሞ ሙስሊም ነው።»

ወረቀቱን እንደገና፣ ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። ከዚያ አራት አጠፉትና ዳዊታቸው መሃል ከተቱት።