ጀልባዬን ያደሰው የመስኮት ሠራተኛ ነው

እዚህ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ግቢህ ውስጥ ጀልባ ካስቀመጥክ ሰው ዝም ብሎ አያልፍህም። አንዱ ጎረቤቴ «አገሪቷ የባሕር በር ሳታገኝ አንተ ቀደምካት» ብሎ ስቆብኛል። ከብት እየነዱ የሚያልፉ አንድ አባት ቆመው በደንብ ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ገንዳው ጥሩ ነው፣ ግን ለላሞቹ አልረዘመም?» አሉኝ። ቆራሌው ደግሞ አንዴ በበሩ ክፍተት አይቶታል። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር በኪሎ ስንት ሊወስደው እንዳሰበ ሳይነግረኝ አይሄድም።

ጀልባው 12 ጫማ ነው፣ በሜትር 3.66 መሆኑ ነው። ከአገር ሊወጣ ዕቃውን ከሚሸጥ ፈረንጅ የገዛሁት፣ ያገለገለ፣ ሦስት አግዳሚ መቀመጫ ያለው፣ ከፊቱ ሾል ብሎ ከኋላው ጠፍጣፋ የሆነ ተራ የአልሙኒየም ጀልባ። ሁለት ሰው አንስቶ ፒክአፕ ላይ ይጭነዋል። ከዚህ በፍጥነት መንገዱ ወጥቶ በሞጆ በኩል ዓሣ ለማጥመድ ባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ መድረስ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሥራ ቀን መርካቶ ደርሶ ከመመለስ ብዙም አይከብድም።

«የት አሠራኸው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው ይህን የምጽፈው። የጀልባ ጋራዥ ፍለጋ አትድከሙ። የሚያስፈልገው እጅ ሰፈር ውስጥ አለ። እኛ ጋ በየመንገዱ ዳር የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠራ አለ፣ የመኪና መስታወት የሚገጥም አለ፣ ሸራ የሚሰፋ አለ። ችግሩ እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ቤትንና መኪናን ነው። ከላይ የሚወርድ ዝናብ መመለስ ያውቁበታል፤ ከሥር የሚገፋ ውሃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የቤቱ ሙያ የት ላይ እንደሚያበቃና የውሃው የት ላይ እንደሚጀምር ማወቅ የባለ ጀልባው ሥራ ነው። እሱን ካወቃችሁ ቀሪው የእጅ ዋጋ መከራከር ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚሠራው ውበቱ አይደለም። ወደ ቀለምና መቀመጫ ከመሮጣችሁ በፊት የት እንደሚያፈስ እወቁ። ጀልባውን ሁለት እንጨት ላይ ከፍ አድርጋችሁ ውስጡ ውሃ ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ ከሥር ገብታችሁ የሚንጠባጠብበትን ሁሉ በማርከር ታከቡታላችሁ። እስከ አፉ ግን አትሙሉት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ጀልባው ደግሞ የተሠራው ውሃ ከውጭ እንዲገፋው እንጂ አየር ላይ ቆሞ ከውስጥ እንዲጫነው አይደለም። አራት ጣት ያህል ይበቃል። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሰው ጀሪካን ደርድሮ ሲጠብቅ አንተ ጀልባ ስትሞላ ብትታይ የሰፈር ሰላምታ ታጣለህ። እኔ ሐምሌ ላይ ሸራውን ገልጬ ተውኩት፣ ክረምቱ ሠራልኝ።

እንዲህ ዓይነት ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው በሪቬቶቹ፣ ማለትም ላሜራዎቹን አንድ ላይ በሚይዙት ሚስማር መሰል ማያያዣዎች በኩል ነው። ላሜራው ተበስቶ አይደለም፤ ለዓመታት ማዕበል ሲመታው፣ መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ሪቬቱ ይላላል። የሰፈራችን መስኮት ሠራተኛ መጥቶ አየና ወዲያው ድሪሉን ሊሰካ ሲል ያዝኩት።

«ወንድሜ፣ ሁሉንም ነቅዬ በአዲስ ብመታልህ አይሻልም?»

«በየትኛው አዲስ?»

«በዚሁ በመስኮቱ ነዋ!»

የመስኮት ሪቬት መሃሉ ላይ ሽቦ አለው። በሪቬት ሽጉጡ ሲሳብ ሽቦው ይበጠስና ቀዳዳው ክፍት ሊቀር ይችላል። መስኮት ላይ ማንም ልብ አይለውም። ከውሃ መስመር በታች ግን ባስገባኸው ሪቬት ልክ ውሃ መግቢያ ሠራህ ማለት ነው። የላላን ሪቬት መንቀል ደግሞ አያስፈልግም፣ መልሶ ማጥበቅ ይቻላል። አንድ ሰው ከውጭ ከባድ ብረት የሪቬቱ ራስ ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ከውስጥ ጭራውን በመዶሻ አጠር አጠር እያደረገ ይመታል። መስኮት ሠራተኛው ልጅ ከውጭ ያዘ፣ እኔ ከውስጥ መታሁ፣ አብዛኞቹ እንዲሁ ተመለሱ። ድምፁ ለጎረቤት የሚመች አይደለም፣ እሑድ ጠዋት አትጀምሩት። ጨርሶ የተበላውን ብቻ አውጥታችሁ በድፍን የአልሙኒየም ሪቬት ተኩት። ከውሃ በላይ ላለው፣ ለመቀመጫውም ለመያዣውም፣ የመስኮቱ ሪቬት ምንም አይልም፣ እንደ ልቡ ይምታ።

ሁለተኛው ክርክራችን ሲልከን ላይ ነበር። መስኮት ቤት ያለው ሲልከን ብዙ ጊዜ ሲወጣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ነው። ያ ሽታ አሲድ ነው፣ አልሙኒየም አይወደውም። ደግሞ ሲልከን አንዴ የነካው ቦታ ላይ ቀለምም ሆነ ሌላ ማጣበቂያ እሺ ብሎ አይይዝም። የሚሻለው የመኪና የፊት መስታወት የሚለጠፍበት ጥቁሩ ፖሊዩሪታን ነው፤ መስታወት ገጣሚዎች ጋ አለ። ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ፣ ቅባቱን አጥርታችሁ፣ ደርቆ እያለ ከውስጥ በኩል በየሪቬቱና በየመጋጠሚያው ቀቡት። እጅ ላይ ከያዘ አይለቅም፣ ጓንት አድርጉ።

ብየዳ? የሰፈር በያጅ ኤሌክትሮዱን ይዞ ሲመጣ በሩን ዝጉበት። አልሙኒየም በአርጎን ጋዝ በሚሠራ ማሽንና በለመደ እጅ ነው የሚበየደው። እንዲህ ስስ ላሜራ ላይ ደግሞ እሱም ቢሆን ሙቀቱ በአጠገቡ ያሉትን ሪቬቶች ያላላል።

አሁን ስለ ሲሚንቶ። ዳር ከተማ የምንኖር ሰዎች ዙሪያችን ሁሉ ግንባታ ነው፤ ጎን ያለው ቤት ሲለሰን ፍንጣሪው እኛ ግቢ ይደርሳል። እርጥብ ሲሚንቶ አልሙኒየምን ይበላል። ምክንያቱ አልሙኒየም ራሱን የሚከላከልበት ስስ ሽፋን አሲድንም ሆነ እንደ ሲሚንቶ፣ እንደ አመድ፣ እንደ ሶዳ ያለውን ተቃራኒውን አይችልም። ስለዚህ ጀልባውን እርጥብ ኮንክሪት ላይ አታስቀምጡ፣ በአመድ አትፈትጉት፣ በበረኪና አትጠቡት። ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል። በዚሁ ምክንያት ሻላና አቢጃታ ላይ እኔ አልወስደውም። አቢጃታ ሶዳ የሚመረትበት ሐይቅ ነው፣ እዚያ የሚጠመድ ዓሣም የለም። ባቱ ግን ጨው የሌለው ውሃ ነው፣ ለአልሙኒየም ይስማማል።

ብሎን ስትገዙ የማይዝገውን ግዙ፣ ከሥሩም የፕላስቲክ ሮንዴላ አድርጉ። ተራ ብረት ወይም መዳብ አልሙኒየም ላይ እርጥበት ሲያገኝ አልሙኒየሙ ነው የሚጎዳው፤ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ሽቦ ስትዘረጉ የቆረጣችሁትን የመዳብ ቁራጭ እንኳ ወለሉ ላይ አትተዉ።

ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላው ግድግዳ ውስጡ ብዙ ጊዜ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ካረጀ ይበሰብሳል። በመዶሻ እጀታ አንኳኩት። ደረቅ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ዱብ ዱብ ካለ እንጨቱ አልቋል። አናጢው «ዋንዛ ላድርግልህ» ብሎ ሙጭጭ ብሎብኝ ነበር፣ ዋንዛ ለአልጋ ያምራል። እዚህ የሚያስፈልገው በየአቅጣጫው የሚጠነክር ጥሩ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ሁለት ድርብ ተጣብቆ፣ ጠርዙ ሳይቀር ኢፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ሙጫ ተሸፍኖ። ችፑድ እንዳታስቡት፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል።

ቀጥሎ ማንም የማያየው፣ ግን እኔ በጣም የምጨነቅበት ነገር አለ። ጀልባው ውሃ ቢሞላ ይሰጥማል ወይስ ይንሳፈፋል? አልሙኒየም ከውሃ 2.7 ጊዜ ይከብዳል። 60 ኪሎ የሚመዝን የጀልባ አካል ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ 38 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው፤ ሞተርና ባትሪ ሲጨመር ደግሞ ወደ 70 ይጠጋል። በደንብ የተዘጋ አንድ ሊትር አየር አንድ ኪሎ ያህል ይሸከማል። ስለዚህ 100 ሊትር ካገኛችሁ መተንፈሻ አላችሁ። እኔ ባለ ሁለት ሊትር ባዶ ሃይላንድ ሰብስቤ ክዳኑን አጥብቄ በየመቀመጫው ሥርና በጎን በጎኑ ጠቅጥቄያለሁ። ሃምሳ ሃይላንድ 100 ሊትር ነው፤ ዋጋው አንድ ሠርግ ላይ ተገኝቶ መልቀም ነው። ከወለሉ ሥር ብቻ ከከተታችሁት ግን ጀልባው ውሃ ሲሞላ ይገለበጣል። ከፍ ብሎ ጎንና ጎን መሆን አለበት። አንድ የገረመኝ ነገር፣ እዚህ ከፍታ ላይ የተዘጋ ሃይላንድ ባቱ ሲወርድ ትንሽ ይጨማደዳል። ባቱ 1,640 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ እዚያ ይከብዳል። ስትዘጉ ጠርሙሱን አትጭመቁት።

የፍራሽ ስፖንጅ ውሃ ስለሚጠጣ አይሆንም። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ያለው ነጩ ፎም ይንሳፈፋል፣ ቤንዚን ከነካው ግን ይቀልጣል፤ ከነዳጅ አርቁት።

ወለል ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ይመስለኛል። ኢንተርኔት ላይ የምናየው ጀልባ ሁሉ ከፊት ሰፊ መድረክ አለው፣ ሰውየው ቆሞ መንጠቆ ይወረውራል፣ እኛም እሱን እንመኛለን። የዚያ ሰው ጀልባ ግን ሰፊ ነው። የኔ ስፋቱ 4 ጫማ ተኩል ነው። ፈረንጆች ለትንሽ ጀልባ ርዝመቱን በስፋቱ በጫማ አባዝተው ለ15 ያካፍላሉ፣ የሚመጣው የሰው ቁጥር ነው፤ 12 በ4.5 ሲባዛ 54፣ ለ15 ሲካፈል 3.6፣ ማለትም ሦስት ሰው። በዚህ ላይ ከባድ ወለል ከጨመርክ አንዱን ሰው አወረድከው፤ ከፍ ያለ መድረክ ከሠራህ ደግሞ ሁሉንም ውሃ ውስጥ የመጨመር ዕድልህን አበዛኸው። እኔ ከመስኮት ፕሮፋይል ቀጭን ፍሬም አሠርቼ ከመቀመጫው በታች ዝቅ አድርጌ፣ በብሎን የሚፈታ ወለል አደረግኩ። ልጁ በዚህ ነው የተካነው፤ ማዕዘኑን ሲገጥም ፀጉር አያስገባም። ላዩ ላይ የልጆች መጫወቻ ምንጣፍ፣ ያ እንደ እንቆቅልሽ የሚጋጠመው ፎም፣ ተነጠፈ። ውሃ አይጠጣም፣ አይከብድም፣ ከሁሉም በላይ ድምፅ ይውጣል። ባዶ አልሙኒየም ላይ መቆንጠጫ ብትጥል ዓሣው ሁሉ ይሰማል።

ቀለም ከሥር አልቀባሁም። ውሃ ላይ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ለሚያድር ጀልባ አያስፈልገውም። ለውበት ከጎኑ ከፈለጋችሁ የመኪና ቀለም ቤት ሄዳችሁ መጀመሪያ ለአልሙኒየም የሚሆነውን ፕራይመር አስቀቡ፣ ያለዚያ ልጥ እየሆነ ይነሳል። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ማቆሚያውን ከውሃ ቧንቧ ፒቪሲ ቆርጬ ሠራሁ፣ ስለሱ ብዙ የሚባል የለም።

ሞተር ስትገዙ በመጀመሪያ የኋላውን ግድግዳ ቁመት ለኩ። አጭር እግር ያለው ሞተር የሚስማማው ወደ 38 ሳንቲሜትር ለሆነ ነው፣ ረጅሙ ወደ 51። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ባቱ ላይ 10 የፈረስ ጉልበት የተባለው 8 ተኩል አይሞላም ማለት ነው። ሻጩ ስለዚህ አይነግራችሁም። ደግሞ ቤንዚን በጀሪካን ለመቅዳት ያለውን ጣጣ ታውቃላችሁ። እኔ በዚህ ተማርሬ ወደ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሄድኩ፣ ባትሪውን ከሶላር ሱቅ። 100 አምፒር-ሰዓት የሊድ ባትሪ ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም ያለባችሁ፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይል 50 አምፒር ቢወስድ አንድ ሰዓት ነው። ቀስ ብላችሁ ከሄዳችሁ ግን ግማሽ ቀን ያጫውታል። ባትሪው ወደ 30 ኪሎ ስለሆነ ከፊት አስቀምጡት፣ እናንተ ከኋላ ናችሁና ይመጣጠናል። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን።

ባቱ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ነው፣ ለትንሽ ጀልባ መጥፎ ዓይነት። ማልዳችሁ ገብታችሁ ነፋሱ ሳይበረታ ውጡ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ደግሞ ልበሱት እንጂ ትራስ አታድርጉት። ጉማሬ ስላለ ወደ ደንገሉ አትጠጉ። የዓሣ ሀብት ዐዋጅ አለን፣ ቁጥር 315/1995፤ እዚያ ስትደርሱ ፈቃድ ስለሚጠይቀው ነገር የአካባቢውን ግብርና ቢሮ ጠይቁ። ዓሣ አጥማጆቹንም አነጋግሩ፤ መረባቸው የት እንደተዘረጋ ይነግሯችኋል፣ ሞተራችሁም አይጠመጠምበትም።

አሁን የቀረኝ ለባትሪው ክዳን ያለው ሳጥን ነው። ልጁ ከመስኮት ትርፍራፊ ሊሠራልኝ ተስማምተናል፣ ዋጋው ላይ ግን ገና እየተከራከርን ነው።