ቁጥር ይዞ የተወለደ መኪና

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ስለዋለ ቤት መቀመጡ አልሆነልኝም፤ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት፣ ጹፈንሃውዘን የሚገኘው የስፖርት መኪና ሠሪው የፖርሽ ሙዚየም ሄጄ ስዟዟር ዋልኩ። እዚያ ስሄድ አንድ ወዳጄ ሁልጊዜ የሚያነሳው ክርክር ትዝ ይለኛል፦ ገንዘብ ያለው መኪና ሰብሳቢ 911 ከሚባለው የፖርሽ መኪና አሮጌውን ይግዛ ወይስ አዲሱን?

አሮጌው የ1973ቱ 911 ካሬራ አርኤስ 2.7 ነው። የተሠራው ለሰብሳቢ አልነበረም፤ የውድድር ደንቡ 500 መኪና እንዲመረት ስለሚያስገድድ ብቻ ተሠራ፤ የሽያጭ ሰዎቹ ደግሞ ያን ያህል ገዢ መገኘቱን ይጠራጠሩ ነበር። መጨረሻ ላይ 1,580 ተመረተ። ክብደቱን ለመቀነስ ቆርቆሮውንና መስታወቱን አሳሱት፤ ክብደቱ በቀለለው ዓይነት ላይ የኋላ ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ የክንድ ማሳረፊያውን፣ ሰዓቱን ሳይቀር አወጡለትና 960 ኪሎ ላይ አደረሱት። በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተሩ 210 የፈረስ ጉልበት አለው። ያቺ የዳክዬ ጭራ የመሰለች የኋላ ክንፍም ለጌጥ የተቀመጠች አይደለችም፤ በፍጥነት ጊዜ የኋላ ጎማዎቹ መሬት እንዳይለቁ የምታደርግ ናት።

አዲሱ በ2023 የወጣው 911 ኤስ/ቲ ነው፦ 525 የፈረስ ጉልበት፣ 1,380 ኪሎ፣ በእጅ የሚቀየር ማርሽ። የመጀመሪያው 911 ለሕዝብ የታየበትን 1963ን ለማስታወስ 1,963 ብቻ ተሠሩ። እንግዲህ የሚመረተው ብዛት የተወሰነው በመታሰቢያ ዓመት ነው። አሜሪካ ውስጥማ ገዢው ወዲያው አትርፎ እንዳይሸጠው የመጀመሪያውን ዓመት በኪራይ ውል ብቻ እንዲይዘው ተደርጓል። መኪናው ግሩም ነው፤ እኔን የሚከነክነኝ ከተወለደ ጀምሮ ብርቅ መባሉ ነው።

ወዳጄ በዚህ ላይ ይስቅብኛል፤ «አሮጌውስ ዛሬ ከጋራዥ ይወጣል?» ይላል። እውነቱን ነው። ዋጋው ሰማይ ስለነካ ተራውን 911 አርኤስ አስመስለው የሚሸጡ በዝተዋል፤ ስለዚህ ሰብሳቢው ከመንዳቱ በፊት አንገቱን ደፍቶ የሞተሩን ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር ያመሳክራል። ቢሆንም ያ መኪና ክብሩን ያገኘው ሲነዳ ነው፤ ከእሱ የተወለደው የውድድር መኪና አርኤስአር በ1973 የሲሲሊን ተራራማ መንገድ ይዞ ታርጋ ፍሎሪዮ የተባለውን የመኪና ውድድር አሸንፏል። በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ኪሎ ሜትር እንዳይቆጥር ተጠብቆ የሚኖረው አዲሱስ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ምን ታሪክ ይነገርለታል? ያልተነዳ መኪና ንጹሕነቱ ብቻ ታሪክ ይሆንለታል?

ይህን ሁሉ የምፈላሰፈው ከአርኤሱ ላይ የወጣችውን ሰዓት እንኳ የመግዛት አቅም የሌለኝ፣ የኤስ 6 ባቡር ወርሃዊ ትኬት ያለኝ ሰው ነኝ። ደግሞ እኮ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል እንቅልፍ የሚነሳኝ የቱን ልተወው የሚለው ነው።