ጋሼና እኔ ጣና ላይ

ባለፈው መስከረም ማለቂያ ላይ ለሥራ ባህር ዳር ሄጄ ነበር። ሥራው ቶሎ አለቀና አንድ ሙሉ ቀን ተረፈኝ፣ ሆቴል ቁጭ ብዬ ላሳልፈው ግን አልቻልኩም ምክንያቱም ያቺን ከተማ ያለ ጋሼ አላውቃትም፣ ዘንባባዎቹን ሳይ እሱ፣ ጀልባ ማቆሚያውን ሳይ እሱ፣ የዓሣ ጥብስ ሲሸተኝ እሱ ነው ትዝ የሚለኝ።

ጋሼን ብዙዎቻችሁ በድምፁ ታውቁታላችሁ። ስሙን የማልጽፈው ራሱ ስለማይወድ ነው። እሁድ ጠዋት ሬዲዮ በሚከፈትበት ቤት ያደገ ሰው ግን ያንን ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ አይረሳውም። እኔ ገና ከትምህርት የወጣሁ የድምፅ ቴክኒሻን ሆኜ 1995 ላይ ነው አብሬው መሥራት የጀመርኩት፣ የመጀመሪያው የመስክ ሥራችንም እዚሁ ጣና ነበር። ያኔ በመኪና ነው የመጣነው። አባይ በረሃን ወርደን ስንወጣ ጋሼ መስኮቱን ከፍቶ "ስሚ" ይለኛል። ምኑን ጋሼ? "ንፋሱን ነዋ፣ ደጀን ስንደርስ ተለወጠ አይደል?" እውነትም ታች ያልነበረ፣ ሜዳ ላይ ያለ የሚያፏጭ ንፋስ ሆኗል። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ንፋስ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጋ ሄድን። ታንኳ መቼም ከደንገል ነው የሚሠራው፣ ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቅና እየታሰረ እየታሰረ ይያያዛል፣ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ደግሞ እያወጡ ማድረቅ ነው፣ ብዙም ስለማይቆይ ሌላ ይሠራል። አባባ እጃቸው ሳያርፍ አወሩን፣ ገመዱን ሳብ ሲያደርጉት ደንገሉ ሲጥጥ ይላል፣ ጋሼ በዓይኑ ማይኩን ወደዚያ አስጠጊ ይለኛል፣ አስጠጋለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነ። ጨርሰን ካሴቱን መልሼ ሳዳምጠው ምንም የለም። ፖዝ የምትለዋ ቁልፍ እንደተጫነች ነው የቀረችው።

እጄ ተንቀጠቀጠ። ሥራዬ ያለቀ መሰለኝ፣ ምን እንደምል ጠፋኝ፣ ጋሼ ፊቴን አየና ገባው መሰለኝ ምንም ሳይጠይቀኝ ወደ አባባ ዞሮ "አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በደንብ አልጠየቅኩዎትም፣ ቢፈቅዱልኝ እንደገና እንጀምር" አላቸው። በደንብ አልጠየቅኩዎትም! እሳቸውም "ምን ገዶኝ፣ እንግዲያው ቡና ይፈላ" አሉ። ቡናው ሲፈላ ያንን በፊት ጭራሽ ያላነሱትን አወሩ፣ ልጅ ሆነው ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ንፋስ ሐይቁ መሀል ይዟቸው፣ መቅዘፊያቸው አምልጧቸው፣ ታንኳዋ ላይ ደረታቸውን አስተኝተው ሲነጋ ዘመድ እንዳገኛቸው። ከዚያ ጉዞ ፕሮግራም ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እሱን ታሪክ ነው። ጋሼ ስለ ፖዟ ለማንም አልተናገረም፣ ለእኔም አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም፣ ቢሮ ስንመለስ አለቃችን ፊት "ጎበዝ ልጅ ነው የሰጣችሁኝ" ብቻ ነው ያለው።

ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት ስለማይገባ እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ። መቅረጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥዬ የትኛዋን ቁልፍ እንደሚጫን ሁለት ሦስቴ አሳየሁት (ፖዟንማ አራቴ!)። ሲመለስ ቀርጾ መጥቷል ግን ድምፁን ከልክ በላይ ከፍቶት የራሱ ትንፋሽ ሁሉንም ውጦታል። ያ ስንት ዓመት ማይክ ፊት የኖረ ሰው ጀልባ ነጂው እየሰማ "አስተምሪኝ እስቲ፣ መርፌዋ የት ላይ ነው መቆም ያለባት?" አለኝ። ባህር ዳር እስክንደርስ ድረስ አስተማርኩት። ማታ ዓሣ ቤት ገብተን ቀረሶ ጥብስ ሲያዝ ደግሞ ከጀርባችን የተቀመጡ ሰዎች በድምፁ ብቻ አውቀውት ዞረው ተነሱለት፣ እሱ አፈረ።

የመጨረሻው ቀን ጢስ አባይ ነበር። እኔ ያለኝን ጉልበት ሁሉ ይዤ ፏፏቴው ድረስ ተጠግቼ፣ ጢሱ እያረጠበኝ ቀረጽኩ። ጋሼ ሄድፎኑን አድርጎ ትንሽ ሰማና ሳቀ። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ ነው።" ሳዳምጠው እውነቱን ነው፣ ሽሽሽ ብቻ ነው፣ ቤቱ ቁጭ ያለ ሰው ውሃ ነው ብሎ አያስብም። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለ ወሰደኝ፣ በግ የሚጠብቁ ልጆች የሚጠራሩበት፣ ወፍ የሚሰማበት ቦታ፣ ፏፏቴው ከሁሉም ኋላ ሆኖ ዝቅ ብሎ የሚያጉረመርምበት። እዚያ ስንቀርጽ ትልቅ ሆነ።

እናም ያቺን የተረፈችኝን ቀን ለጢስ አባይ ሰጠኋት። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ቢሆን ኖሮ አልሄድም ነበር፣ 1993 ላይ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክረምት ካላለፈ ውሃው ይሳሳል፣ መስከረም ላይ ግን ገና ሙሉ ነው፣ እንዲያውም ቡናማ። በ1600ዎቹ የተሠራውን የአላታን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሬ ዳገቱን ወጥቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ያ ጢስ ፊቴን ሲነካኝ እንባዬ መጣ፣ ዝም ብዬ አልቅሼ ስጨርስ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩለት።

ጋሼ አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ቤቱ ነው የሚውለው፣ ጉልበቱ ስለሚያመው እንደ በፊቱ አይጓዝም። "ሃሎ" ሲል ያው ድምፅ ነው። "ጋሼ የት እንዳለሁ ገምት" ብዬ ስልኩን ወደ ውሃው ዘረጋሁት። ትንሽ ዝም አለ።

"አይሰማም ልጄ" አለኝ። "ራቅ በይ እንጂ፣ ወደ ኋላ።"

ልጆቹ ወዳሉበት ሜዳ እስክደርስ ድረስ ስልኩን ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ ሄድኩ።

"እዚያ ጋ ቁሚ" አለ።