ክረምት በመስታወት ሳጥን

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ብሎታል። ሐምሌ ደብረ ማርቆስ ላይ እንዲህ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያመሻል፣ መብራት ይሄዳል፣ ሰውም ያለ ምክንያት ይከፋዋል። ስለ መከፋቴ ልጽፍ ነበር ደብተሩን የገለጥኩት። ታናሼ ደውሎ አበላሸው።

ልጁ እዚያ በረዶ አገር ከገባ ወዲህ እንቁራሪት አርቢ ሆኗል። ካሜራውን ወደ መስታወት ሳጥኑ አስጠግቶ «አየሻት እታለም?» ይለኛል። ምን ይታየኛል፣ ድንጋይ ነው! ጎርበጥባጣ፣ አረንጓዴ የለበሰ የወንዝ ዳር ድንጋይ። ትንሽ ቆይቶ ድንጋዩ ዓይኑን ጨፈነ።

ዘሯ ከሰሜን ቬትናም ተራሮች ነው፤ ቴሎደርማ ኮርቲካሌ ይላታል። እንደኛው ደገኛ ናት፣ ሙቀት ይጎዳታል። እንቁላሏን ከውኃው በላይ ትለጥፋለች፤ ልጆቿ ሲፈለፈሉ ቁልቁል ጠብ ጠብ እያሉ ውኃ ውስጥ ይገባሉ። እግር አውጥተው ጭራቸውን እስኪጥሉ ወራት ይፈጃል።

ታዲያ እንቁላሏን እንዲሁ አትጥልም። ዝናብ የገባ ሊመስላት ይገባል። ስለዚህ ልጁ ሳጥኑን ትንሽ አድርቆ ያቆይና ማታ ማታ በፓምፕ ያዘንብላታል። ያኔ ወንዱ መጣራት ይጀምራል፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ግን አይታወቅም፣ እዚህ ሆኖ እዚያ ያለ ያስመስላል።

ይኼን ልጅ እኮ አውቀዋለሁ! ክረምትን ሲራገም ነው ያደገው። አንድ እግር ቦቲውን ጭቃ ውጦበት እያለቀሰ ቤት የገባ ልጅ፣ ዛሬ የመብራት እየከፈለ ክረምት ይሠራል። እማዬ ብትሰማ «ና እዚህ፣ በነፃ ይዘንብልሃል» ነው የምትለው።

ደግሞ ለካ እዚሁም አለች። በጎጃም ደጋ ሣር ውስጥ የምትኖር፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ እንቁራሪት። በፈረንጅ 1977 ሌፕቶፔሊስ ያልዴኒ ተብላ ተመዘገበች፤ በአንድ እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ ስም መሆኑ ነው። ስንቴ አጠገቧ አልፌ ይሆን? ረግጫትስ ቢሆን?

የታናሼዋ ስትደነግጥ ጥቅልል ብላ የሞተች ትመስላለች አሉ። ቀናሁባት። ባለፈው ስብሰባ «ቃለ ጉባኤ ማን ይያዝ?» ሲባል አንገቴን ቀብሬ፣ ትንፋሼን ውጬ እኔም ሞክሬው ነበር።

ቃለ ጉባኤው እጄ ላይ ነው። ገና አልተተየበም።